ከዘጠና በታች

ታላቅ እህቴን ቤተሰቡ በሙሉ «ስጋት» ነው የሚላት። ከቤት ስትወጣ ጋዙ መዘጋቱን ሦስቴ ታያለች፤ ስልክ ካላነሳን ለእሷ ሞተናል። በጤና ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለተማሪዎች ልምምድ የበግ ደም ማዘጋጀት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዶክተር ብሎ የጠራት የለም፤ እኛም ሙያዋን ከቁም ነገር ቆጥረነው አናውቅም።

እናታችን የሳንባ ምች ይዟት በተኛች በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጣቷ ላይ የምንሰካው ትንሽ መሣሪያ የደሟን ኦክስጅን ዘጠና ሁለት አለ። ሰኞ ዘጠና ስድስት፣ ማክሰኞ ዘጠና አራት ነበር። ክሊኒኩ ከሰማንያ ስምንት እንዳይወርድ ብሎናል። እኔ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ የቱ ታክሲ መቼ እንደሚመለስ ሳሰላ ነው የምውለው። በቀን ሁለት ከቀነሰ ገና ሁለት ቀን አለን፣ ዓርብ ደግሞ ቀጠሮዋ ነው አልኩ። እማዬም ከአልጋዬ አልነቃነቅም ብላ ነበርና ስሌቴን ወደደችው።

ስጋት ግን ፊቷ አመድ መሰለ። አሁኑኑ ሆስፒታል እንውሰዳት አለች። ደግሞ ጀመራት ብዬ ሳቅሁ። ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

«ባዶ ታክሲ ውስጥ ቀድሞ የሚገባ ሰው አለ?»

«የለም። አንድ ሰው ከተቀመጠ ግን ሌላው ይግተለተላል።»

«ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውም እንደዚያው ነው። አራት ወንበር አለው። የመጀመሪያው መግባት ይከብደዋል፤ አንዱ ከተቀመጠ ለሌሎቹ ይቀላቸዋል። ሲወርዱም አንዱ ከሄደ የቀሩት አይጸኑም። ቁጥሩ እስከ ዘጠና ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከዚያ በታች በአንተ ሂሳብ አይሄድም፤ ይናዳል።»

አንድ ተሳፋሪ መጠበቅ ታክቶት የወረደበት ታክሲ ወዲያው ባዶውን ሲቀር በየቀኑ አያለሁ። ገብቼ ወንበር ስቤ እማዬን አስቀመጥኳት።

ከነወንበሯ ተሸክመናት ሦስት ፎቅ ወረድን። በላያችን ላይ የስድብ መዓት ታወርድብናለች፤ መሳደቧ ደስ አለኝ። ደረጃው ላይ ሰማንያ ዘጠኝ። ኮንትራት ታክሲው ውስጥ ሰማንያ አንድ፤ ስድቡን አቆመች። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሰባ አራት ነበር፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ነርሷ ጭምብሉን አጥልቃላት ኦክስጅኑን ስትከፍት እኔ ቁጥሩን ማየት አቅቶኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሰባ ስምንት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ዘጠና ሦስት እያለች የነገረችኝ ስጋት ናት። ሐኪሙ ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ አትተርፍም ነበር አለን።

ስጋት መጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። አለፈ እኮ አልኳት።

«በአባባም ጊዜ አውቄ ነበር» አለች። አባታችን ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ ነው ያረፈው፤ እስከ ነገ ይቆያል ብለን ቤት አሳድረነው።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ነበር። ስትስቁ ዝም አልኩ።»

ማን እንደሳቀ አልጠየቅኋትም።