አያ የሽዋስ ዋሱን ሲፈልጉ

አያ የሽዋስ ስማቸውን አላሳፈሩም። ቡሬ አጠገብ ባለው ቀበሌያቸው በሬ ሲሸጥ፣ ልጅ ሲዳር፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ዋስ የሆኑለት በሬ ገና ቀንበር ሲነካው የሚተኛ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ አገር ለቆ ነበርና አያ የሽዋስ የራሳቸውን በሬ ነድተው ለገዢው ሰጡ። ያን ክረምት በቀራቸው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው አረሱ። ሚስታቸው ነገሩን እስከ ዛሬ ታነሳባቸዋለች።

ሕጋቸው አጭር ናት። «ቃሉን የተናገረ ዋስ ነው። ሰምቶ ዝም ያለም ዋስ ነው።»

ችግሩ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መስማቱ እምቢ አላቸው። ሽምግልና ተቀምጠው ያልሰሙትን ሁሉ «እህ» እያሉ ያልፉት ጀመር። አንድ ቀን ግን ባለጉዳዩ «ድንበሬን ገፋብኝ» ብሎ ሲያለቅስ «እሰይ፣ እግዜር ይስጠው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ሳይጠሯቸው መቀመጥ ጀመሩ።

ፍኖተ ሰላም የምትኖረው ልጃቸው ያምሮት አዘነችላቸውና በስልኳ ከኢንተርኔት ገበያ የመስሚያ መሣሪያ አዘዘችላቸው። ዕቃው የመጣው ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ላለው፣ የሰው ዕቃ እየተቀበለ ለሚያስረክበው ለወንዳወቅ ነው። ወንዳወቅ መሣሪያውን ጆሯቸው ውስጥ እያስገባ «አይስጉ አባባ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» አላቸው። ከመሣሪያውም ይልቅ ይህን ወደዱት። የታደለ ዕቃ፣ ዋሱን ይዞ መጣ።

ጥቂት ሰንብቶ መሣሪያው ጸጥ አለ። ያምሮት ለሻጩ ብትጽፍለት «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስላመኑን እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ብትደግምም ያው ቃል ተመለሰ።

«ደርሶናል ካለማ ሰውየው መንገድ ላይ ነው» አሉ አባቷ።

«ሰው አይደለም አባየ፣ ማሽኑ ነው በራሱ የሚመልሰው» ብላ ጆሯቸው ሥር ጮኸች።

«እሽ፣ የማሽኑስ ዋስ ማነው?»

እውነቱን ለመናገር ይህን እኛም አናውቅም።

በገበያ ቀን ቡሬ ወጡና ወንዳወቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። «ዋሱን ልጠይቅ መጥቸ ነው» አሉ።

«የቱን ዋስ፣ አባባ?»

«አለው ያልኸኝን።»

ወንዳወቅ ሳቀ። ከዚያ ግን ማስረዳት ነበረበት፤ ለማስረዳት ደግሞ መጮህ። «ዋስትና ማለት ሰው አይደለም! ካርቶኑ ላይ የተጻፈ ነው!» በርበሬ የጫነው ገበያተኛ ሁሉ ቆሞ ሰማ።

«ካርቶኑ ማተብ አለው?» አሉ አያ የሽዋስ፣ ረጋ ብለው። «ካርቶን ሲናገር አልሰማሁም። የተናገርኸው አንተ ነህ፤ ያን ለታ ደግሞ እሰማ ነበር።»

«ቃልማ ከሰጠህ ሰጥተሃል» አለ አንዱ ገበያተኛ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዳወቅ ዙሪያውን ቢያይ የሚያመልጥበት አጣ። ለሻጩ ደውሎ «ካልቀየራችሁላቸው ከእንግዲህ ዕቃችሁ ቡሬ አይወርድም» አለው።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ መሣሪያ መጣ። ወንዳወቅ እፎይ ብሎ ሽማግሌውን ከነመሣሪያቸው ፎቶ አነሣና ከነስማቸው ለሻጩ ላከለት።

ሻጩ ብልጥ ነበር። ፎቶውን ገጹ ላይ ለጥፎ ከሥሩ «ዋስትናችን የሽዋስ ነው» ብሎ ጻፈ። ያምሮት በንዴት አነበበችላቸውና «አጥፉት ልበላቸው?» ብላ ጠየቀች።

«እስቲ ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ቅኔዋ ጣፈጠቻቸው። አጥፉትም ተዉትም ሳይሉ፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያሉ ጢማቸውን ሲዳብሱ ዋሉ። ሽማግሌዎቹም እንደገና ይጠሯቸው ጀመር፤ ያን ሰሞን አረማመዳቸው ራሱ ሌላ ሆነ።

አንድ ጠዋት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ከአጥሩ ማዶ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ምን ያሳስባችኋል? ዋሱ እኮ አያ የሽዋስ ናቸው።» ጎረቤታቸው ንግሥቴ ናት። ፎቶውን አይታ ከዚያው ሻጭ የገዛችውን፣ አሁን አልበራ ያላትን የፀሐይ መብራት አቅፋለች። ከኋላዋ ሌሎችም የየራሳቸውን ዕቃ ይዘው ይከተሏታል።

አያ የሽዋስ መሣሪያውን ቀስ አድርገው ከጆሯቸው አወጡና ኪሳቸው ከተቱት።

ንግሥቴ ገብታ ብዙ ተናገረች። «እህ» አሏት። እንደገና ተናገረች። «እህ» አሏት። በመጨረሻ መብራቱን ከፊታቸው አስቀመጠችና መሬት ላይ ተቀመጠች። የእሳቸውን ሕግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ሚስታቸውም ከበር ላይ ሆና ታያቸዋለች።

አያ የሽዋስ መብራቱን አዩት፣ ሚስታቸውን አዩ፣ አፈሩ። መሣሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው ጆሯቸው ላይ መለሱት።

«በይ ንገሪኝ» አሉ፤ «ይህስ ገና ቀንበር ሲነካው ነው የተኛው?»