አበባው ሳይቀላ የመሸ ቀን

እግሬ ወዳመራኝ መሄድ እወዳለሁ። ከምንኖርበት ከሙየንጋ ኮረብታ ወርጄ፣ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ንቲንዳ ሰፈር ድረስ እዘልቅና መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን አንዱ ሻጭ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ቁጥቋጦ አንስቶ፣ «ጃጃ፣ ይሄ የሳሮን ጽጌረዳ ነው» አለኝ። የአገሩ ሰዎች አሮጊትን ጃጃ ይላሉ፣ አያቴ እንደማለት። ስሙን ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቼዋለሁና ደስ አለኝ። ምራቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን የነገረችን ሰሞን ነበር። ከዚያ በፊት አስወርዷት ስለነበር፣ በሯ አጠገብ ደህና ነገር ይብቀልላት ብዬ ገዛሁት።

ሲያድግስ ቶሎ አደገ። መጀመሪያ ቅጠሉ ሥር ጥጥ የመሰለ ተባይ ወረረው፤ በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ቀጥሎ እምቡጡ ሳይፈነዳ እየረገፈ አስቸገረኝ። ለካ ውሃ አብዝቼበት ኖሯል፤ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እየከተትኩ፣ ደርቆ ሳገኘው ብቻ ማጠጣት ጀመርኩ። በመጨረሻ አበበ፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ ስስ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ምራቴ ከደጅ ጮኸች።

«እማማ! ይምጡ እስቲ! ማነው አበባውን የቀየረው?»

ወጣሁ። ጠዋት ነጭ የነበረው ቀልቷል። ነጠብጣብ ቢጤ ቢሆን ባልደነገጥኩ፤ ጨርቅ ደም ሲጠጣ እንደሚቀላው፣ ሁለመናው ነው።

«ተባይ ይሆናላ» አልኳት።

«ተባይ ቀለም ይቀባል እንዴ?»

በማግስቱ አዲስ ነጭ ፈነዳ። ቀትር ላይ ፈካ ያለ ሮዝ መሰለ፣ ሲመሽ ቀላ፣ ከዚያ ተጨማዶ ወደቀ። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። አመድ ነሰነስኩበት። የተጠራጠርኩትን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፤ የቀረው መቅላቱን አልተወም። ሻጩ ዘንድ ሄጄ በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ጃጃ፣ ጠባዩ ነው! በአንድ ዋጋ ሁለት ቀለም ወስደሽ ደግሞ ትከሺኛለሽ?» ብዙ ከጨቀጨቅኩት በኋላ ነው፣ እውነተኛው የሳሮን ጽጌረዳ ብርድ አገር እንደሚሻለው፣ ይሄኛው ዘመዱ እንደሆነ ያመነልኝ።

ይህን ለምራቴ ብነግራት አልተጽናናችም። «ስወጣ ነጭ፣ ስገባ ደም። ያለፈውን እንዴት አድርጌ ልርሳው?» አለች። ዶማ ይዤ ልነቅለው ስሄድ ግን ተከትላኝ መጣችና እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት እማማ። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አላውቅም።»

ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ «ቀላ?» ትለኛለች። «ቀላ» እላታለሁ። ያን ስትሰማ ትንሽ ትተነፍስና እራት ትበላለች። እኔም ሳላውቀው መጠበቅ ለመድኩ። ሲቀላ ቀኑ በሰላም ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

መውለጃዋ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሐይቁ ወደብ ከፖርት ቤል በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። ሲዘንብ ዋለ፤ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበን ተቀመጥን። አመሻሽ ላይ፣ ከሶፋው ሳትነሣ፣

«ቀላ?» አለችኝ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። አበቦቹ ሁሉ ነጭ ናቸው። ጨለማው እየመጣ እነሱ ብቻ በዝናቡ ውስጥ ይታያሉ። ምን ልበላት? አንዱ እንኳ ጠርዙ ቀልቶ እንደሆን ብዬ መስታወቱ ላይ ተጠጋሁ።

«እማማ፣ ቀላ ወይ?»

«ዛሬ አልቀላም።»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ቆየች። ሌላውንም እጇን ጨመረች።

«ከጠዋት ጀምሮ... አልተንቀሳቀሰም መሰለኝ» አለች። ድምጿ የሷ አይመስልም ነበር።

ልጄን ተጣራሁ። መኪናውን አስነሥቶ ቁልቁለቱን በጭቃው እየተንሸራተትን ወረድን። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ጸጥታው ረዘመብኝ። ኋላ በጣም ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ልቡ ተሰማ፤ ይመታል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ይመታል። ወዲያው አስገቧት። ሕፃኗ በኦፕራሲዮን ወጣች፤ ትንሽዬ፣ ግን አልቃሻ። «ጠዋት እንሄዳለን ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» አለች ሐኪሟ፤ አልጨረሰችውም።

ብርዱ ነው ይሉኛል። ሙቀት ካላገኘ ያ አበባ መቅላቱ ይዘገያል አሉ። ይሁን፣ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላም በብርድ ቀን ነጭ ሆኖ ሲያመሽ አይቻለሁ።

ምራቴ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ቤት የገባች ዕለት ቁጥቋጦው አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች። በፎጣው የልጅቱን ፊት ሸፈነች።

«ምነው ልጄ፣ አበባውን እንዳታይ ነው?» አልኳት።

«አይ እማማ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እሱ እንዳያያት ነው።»