ከሾፌሯ ጀርባ የተቀመጠው አባት

ሰልጣኞቹ እሱ በሌለበት «ጋሽ ቀስ በል» ይሉታል። መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከአፉ የማይጠፋው ቃልም ይኸው ነው። እሱ ራሱ ግን ቀስ ብሎ አያውቅም። ሻይ ቆሞ ይጠጣል፤ ከተቀመጠም ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ቀኝ እግሩ በአስተማሪው በኩል ያለችውን ፍሬን ስትጠብቅ ስለምትውል ቤት ገብቶም አታርፍም።

ሰሞኑን ደግሞ የባሰ የሚያቁነጠንጠው ነገር መጣ። የስምንት ዓመት ልጁ ውጤት ወረደ። መምህሯም «ትፈዛለች፤ ከሰሌዳ ገልብጣ አትጨርስም» የሚል ወረቀት ላከች። አባት የጥናት ፕሮግራም አውጥቶ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ ምን ተማርሽ? ለምንድነው ያልጨረስሽው?» ይላል። ልጅቱ ጥፍሯን እያየች «እንጃ» ትላለች።

«ልጅህ ናት እኮ፣ ሰልጣኝህ አይደለችም» አለችው ነርሷ ሚስቱ።

«ታዲያ ውጤቷ ይውረድ?»

«እንዲህ ስታፋጥጣት ይወጣል?»

ቅዳሜ ሚስቱ ተረኛ ነበረችና አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቱ ወንበሮቹን ኮሪደሩ ላይ ደርድራ አውቶቡስ ሠራች። የድስት ክዳን መሪ ሆነላት። አባት በዚያ ሲያልፍ አላስችል አለው።

«ፍሬቻ ሳታሳዪ እኮ ነው የታጠፍሽው።»

ልጅቱ ክዳኑን አስቀምጣ ወንበሮቹን ማንሳት ጀመረች። ይህን ሲያይ አንዱን ወንበር ያዝ አድርጎ «ቦታ አለ?» አላት።

እያሾፈባት እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን መረመረች። «ከኋላ» አለችው።

አውቶቡሱ ተነሣ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰዓቱን አየ፤ የማያልቅ መንገድ መሰለው። መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ረገጠ።

«እዚያ ጋ ፍሬን የለም» አለች ሳትዞር። «ተሳፋሪ ነህ።»

«ይቅርታ፣ ሾፌር።»

መንገድ ላይ ፍየሎች ተሻገሩ። ጎማ ተነፈሰ። ምላሱ ጫፍ የደረሰውን እርማት ሦስት ጊዜ ዋጠው። ከዚያ ሾፌሯ ዝግ አለችና ዓይኗን አጥብባ ወደ ፊት አጎነበሰች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም ነበር የምታየው።

«ያ ምልክት ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አንቺስ?»

«ለእኔ ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። ሰሌዳውም እንደዚያው ነው። ለማንም እንዳትናገር፤ ሾፌር አያይም ከተባለ መንጃ ፈቃዱን ይቀሙታል።»

ክው ብሎ ቀረ። አዲስ ሰልጣኝ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ከሃያ እርምጃ ላይ የመኪና ታርጋ ማስነበብ ነው። ስንቱን «ሂድና መነጽር አሠራ» ብሎ መልሷል። የገዛ ልጁን ግን እንዲህ ዓይኗን ስታጠብብ እያየ ሰነፍሽ ይላት ነበር። ብድግ ብሎ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ፈለገ። ግን አውቶቡሱ እየሄደ ነው። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ።

«መነጽር ያላቸው ሾፌሮች አሉ?» አለችው ቆይታ።

«ሞልተዋል። እኔ ራሴ አስተምሬያለሁ።»

«አይቀሟቸውም?»

«አይቀሟቸውም።»

ሰኞ ከሥራ አስፈቅዶ ሐኪም ቤት ይዟት ሄደ፤ በሳምንቱ መነጽር አደረገች። ውጤቷ ወዲያው አልተነሣም፤ ሒሳብ አሁንም ያስቸግራታል። እሱም ጥያቄው አፉን ይበላዋል። አንዳንዴ ያመልጠውና ይጠይቃታል። «እንጃ» ስትለው ይደነግጥና ጫማውን ለማውለቅ ይቀመጣል።

አንድ ቅዳሜ ወንበሮቹ በሌላ ዓይነት ተደረደሩ።

«ዛሬ መርከብ ነው» አለችው።

«እኔስ ምን ልሁን?»

«አሳ።»

«አሳ ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

ከዚህ የከበደ ሥራ ሰጥታው አታውቅም። ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኛ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲጮህ ጆሮው ቆመ፤ አልተነሣም። ደረቱን ሲያመው «አሳ መገልበጥ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ።

ካፒቴኗ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችው። «አንዴ ብቻ» አለች።