ለጥራት የተተከለው ድንኳን

የምሠራበት ሆስፒታል የጥራት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ያገኘ ሰሞን አባቴ እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተኝቶ ነበር። እኔ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት አባዬን አጥሚት አጠጣና ወደ ቢሮዬ ወርጄ «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ባነር አሠራለሁ። በቃ፣ እንጀራ ነው።

የአባዬን ጉበት ካንሰር ጨርሶት ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ለእናቴና ለእኔ ነግረውናል፤ እሱ ግን ጨጓራ ነው ብሎ ያምናል። ይህን ያደረገችው እናቴ ናት። «እግዜር በቀጠረለት ቀን ይሂድ እንጂ እኔ በሐሳብ አልገድለውም» ብላ ሐኪሞቹን ለምና፣ እኔን «በጡቴ ይዤሻለሁ!» ብላ አፋችንን ዘጋችው። እኔም ብሮሹሩ ላይ «ማንኛውም ታካሚ ስለ ሕመሙ ሙሉ መረጃ የማግኘት መብት አለው» ብዬ ጽፌ ስጨርስ፣ ፎቅ ወጥቼ «አባዬ፣ ጨጓራ እኮ ትዕግሥት ይፈልጋል» እለዋለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?

የዝግጅቱ ቀን ደረሰ። ጋዜጠኞች ተጠርተዋል፣ ኬክ ታዟል። ድንኳን የሚያከራየው ሰውዬ ግን የሠርግ ሰሞን ነውና ማለዳ ስልኩን ዘጋ። ሥራ አስኪያጃችን የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። እኔ ውስጥ ባነር ሳሰቅል እሱ ሮጦ የሰፈራችንን እድር ድንኳን ለምኖ አመጣና ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ አስተከለው። ጉድ እኮ ነው! ሰውዬው የዚህ ሰፈር ሰው አይደለ፣ ምን ያውቃል? ያ ድንኳን እዚያ ሜዳ ላይ የሚተከለው ከእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ቤታችን ደግሞ ከሜዳው ማዶ ነው።

እናቴ ልብሷን ልትቀይር ብላ ያን ሌሊት ቤት አድራ ነበር። ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ከበር ብቅ ስትል ድንኳኑን አየችው። በሰፈሩ ታሞ የተኛ ሰው ባሏ ብቻ ነው።

ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች። ጎረቤቶችም ተከትለዋት ያለቅሳሉ።

«እማዬ! አባዬ ደህና ነው! ድንኳኑ ለሰርተፍኬት ነው!»

«ተዪኝ!» አለችኝ። «እኔስ አክስትሽን ‹ደህና ነው› እያልኩ ወስጄ አይደል ያረዳኋት?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ መርዶ የሚጀምረው «ደህና ነው» ተብሎ ነው። እንዴት ትመነኝ? ብምልላት ጭራሽ ባሰባት። ወደ ፎቁ ቀና ብላ ትጣራ ጀመር፦ «ጉበቱ አልቋል ሲሉኝ ጨጓራ ነው እያልኩ ስሸነግልህ! ሞትህን ደብቄህ፣ ሳልሰናበትህ! ወይኔ!»

የአባዬ መስኮት ክፍት ነበር።

እየጎተትኩ ደረጃውን አወጣኋት። አባዬ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። እንዳየችው እግሩ ላይ ወደቀች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አላት ራሷን እየዳበሰ። «ጩኸት ሰምቼ ነበር፣ ምን እንደሚሉ ግን አልለይ አለኝ። ማን ሞተ?»

«ምንም... የጎረቤት ለቅሶ መስሎኝ ደንግጬ ነው።»

«በይ ተነሺ። ያን የጨጓራ ሽሮፕ አቀብዪኝማ፣ ዛሬ ትንሽ ተሽሎኛል።»

የእናቴ ፊት በራ። ሽሮፑን አጠጣችውና ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ይሄኔ አባዬ እጄን ያዘኝ።

«መስማቴን እንዳትነግሪያት» አለኝ። «አትችለውም።»

ላቅፈው ጎንበስ ስል ከታች ሥራ አስኪያጁ ጋዜጠኞቹ መጥተዋል ብሎ ስሜን ይጣራል። ወርጄ ማይክራፎን ያዝኩና «እንኳን ደስ አላችሁ!» አልኩ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ካሜራ ባይኖር ኖሮ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ እሪ እል ነበር።

አባዬ እስኪሞት ድረስ ሽሮፑን ከእናቴ እጅ እየተቀበለ ጠጣ። አንድም ቀን ሌላ ነገር አልጠየቀም። ዛሬም ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ «ደግነቱ የኔ ጌታ ሳያውቀው ሄደልኝ» ትላለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «አይደል?» ትለኛለች።

«አዎ እማዬ» እላታለሁ፣ «አላወቀም።»