ጳጉሜ የማን ናት?

በልጅነቴ አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። እናቴ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኝ ነበር። ዳቦ ግዢ ስባል ግን ማንም አይቀድመኝም፤ አራዳ ዳቦ ቤት የነበራት ግሪካዊት፣ ሁላችንም ማዳም የምንላት ሴት፣ ሥዕል ያለው የልጆች መጽሐፍ ነበራትና። ዳቦው ከምድጃ እስኪወጣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በተሰባበረ አማርኛዋ ትተርክልኛለች። ክንፍ ያለው ፈረስ አለ፤ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ በሬ የሆነ አውሬም አለ። እኔ እነሱን ቶሎ ቶሎ አስገልጬ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ያለችበት ሥዕል ላይ አስቆማታለሁ።

ልጅቱ አበባ ስትለቅም መሬት ይሰነጠቅና ከምድር በታች የሚኖር ንጉሥ በሠረገላ ይዟት ይሄዳል። እናቷ ስታለቅስ ምድር እህል ማብቀሏን ትተዋለች። በመጨረሻ "እዚያ ቤት ምንም ካልቀመሰች ትመለስ" ተብሎ ተፈረደ። እሷ ግን ስድስት የሮማን ፍሬ በልታ ኖሮ፣ ስድስቱን ወር ከታች፣ ስድስቱን ወር ከእናቷ ጋር እንድትኖር ሆነ።

"ጳጉሜስ? ጳጉሜ የማን ናት?" አልኩ።

ማዳም በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ "እኛ አገር ጳጉሜ የለም" አለችኝ። ጳጉሜ ሳይኖር ዘመን እንዴት እንደሚለወጥላቸው ሊገባኝ አልቻለም።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴ ለጅማ ነጋዴ ታጨች። ወላጆቹ አፍንጮ በር ስለሚኖሩ ጫጉላው እነሱ ቤት ሆነ፤ ከመልሱ በኋላ ግን ወደ ጅማ ይዟት ሊሄድ ነው። እኔና እህቴ አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ፀጉሬን የምትሠራኝም እሷ ነበረች። ቤቱ በጌሾ ወቀጣና በእልልታ ሲናወጥ እኔ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ስል እውላለሁ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ሁሉንም ጠላኋቸው።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጆሮዋ ሥር ገብቼ፣ "እታለም፣ እነሱ ቤት እህል እንዳትቀምሺ" አልኳትና የሮማኑን ታሪክ ነገርኳት።

"አንቺ ሞኝ፣ በረሃብ ልሙትልሽ?" ብላ ሳቀች። እንባዬን ስታይ ግን፣ "እሺ፣ እንዳልሽ" አለችኝ። አመንኳት።

ከሄደች በኋላ ነው ጉርሻ ትዝ ያለኝ። ሮማን እኮ እምቢ ይባላል። ጉርሻን ግን ማን እምቢ ይላል? ያውም ሙሽራ፣ ያውም ከአማቷ እጅ! አንዱን ስትውጥ "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። የማዳም ንጉሥ በስድስት ፍሬ ዝም አለ፤ የኛ ሰው በስድስት መች ይበቃዋል? ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። በየቀኑ ዳቦ ገዝቼ አፍንጮ በር ድረስ እሮጥና የአማቶቿን አጥር በሩቅ አይቼ እመለሳለሁ። ዳቦው ቀዝቅዞ ቤት እየደረሰ ስገረፍ ሰነበትኩ።

በመልሱ ቀን እህቴ ካባ ለብሳ፣ ፊቷ ሞላ ብሎ መጣች። ጓዳ ጎትቼ አስገባኋትና፣ "ስንት ጎረስሽ?" አልኳት።

"ማን ቆጠረው! አማቴን አታውቂያትም፣ ሆዴ እስኪተረተር ነው የምታጎርሰኝ" ብላ ሳቀች።

"ውሸታም!" ብዬ ጮኽኩባት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እህቴ መሳቋን ተወች። ካባዋን ሰብስባ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ቆይ፣ እንቁጠረው" አለችና ጣቶቿን ዘረጋች። "አሥራ ሁለቱን ወር ሳልበላው አልቀረሁም። ጳጉሜን ግን አልነካኋትም። ጳጉሜ ያንቺ ናት። በጳጉሜ እመጣልሻለሁ።"

ያ ለእኔ በቂ ነበር። ለማዳምም ሮጬ ሄጄ፣ "ጳጉሜ የኔ ናት!" አልኳት፤ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ከጥር እስከ ነሐሴ ወሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ጳጉሜ አንድ ቀን ነጋዴዎች የሚገቡበት መንገድ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ዝናቡ ያወርደዋል። ጭነት የያዘ አንድም በቅሎ አላለፈም። በማግስቱም ቆምኩ፣ በሦስተኛውም ቀን። በአምስተኛው ቀን አባቴ ፈልገው አገኙኝ፤ ለምን እንደምቆም ሲሰሙ አልተቆጡም፤ በጋቢያቸው ጠቀለሉኝ።

"ልጄ፣ በክረምት ጊቤን ማን ይሻገራል? ነጋዴ የሚነሣው ከመስቀል በኋላ ውኃው ሲጎድል ነው" አሉኝ።

ዓመት በመጣ ቁጥር ጳጉሜ የምትውለው ወንዝ ሞልቶ ነው። እህቴ ግን አልዋሸችኝም። ያን ጊዜ፣ በካባዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ስትቆጥርልኝ፣ መሐላችን ወንዝ እንዳለ እሷም አላሰበችም። እሷም ልጅ ነበረች።