ሃያ ዘጠነኛው ጋሽ ኦላና

ጋሽ ኦላና ዋቅጅራ ቀን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ የአበባ ካርቶን ይጭናሉ። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል የሚያንጸባርቅ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ ገርጂ መጥተው፣ እኔ ኃላፊ የሆንኩበት የማታው ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ከፊት ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸው አርባ ስድስት ነው። "ከኋላ ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከፊት ግን እርስዎን አፍራለሁ" ይሉኛል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአርባ አንድ ተማሪ አርባ አንደኛ ወጡ፤ አማካያቸው ሠላሳ ስምንት። ካርዱን ስሰጣቸው እኔ መሬት መሬት ሳይ እሳቸው ፈገግ አሉ።

"የት እንዳለሁ አወቅኩ" ብለው ለልጃቸው ለብሩክታይት ይዘውላት ሄዱ። እሷም የቀን ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ስምንተኛ ወጥታለች። አባትና ልጅ ተወራረዱ፦ በሁለተኛው ሴሚስተር ብዙ ደረጃ ያሻሻለው ካርዱ ከቴሌቪዥኑ በላይ ይሰቀልለታል።

በመሃሉ እኔ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ "ደረጃ የተማሪን ተነሳሽነት ይገድላል" አለን፤ ጻፍኩ፣ አመንኩም። እውነቱን ልናገርና፣ በኋላ ላደረግኩት ሰበብም ሆነኝ። ሰኔ ላይ ውጤት ስደምር አስራ ሁለት ተማሪዎች አቋርጠዋል፤ ፈረቃው የተቀየረበት አለ፣ የወለደች አለች፣ እንዲሁ የሰለቸውም አለ። ከቀሩት ሃያ ዘጠኝ ውስጥ ጋሽ ኦላና አሁንም መጨረሻ ናቸው። ይህን አይተው እሳቸውም ቢያቋርጡስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የሁሉንም ደረጃ ባዶ ትቼ ካርድ አደልኩ።

ጋሽ ኦላና ካርዱን አገላበጡት።

"ቲቸር፣ ደረጃዬስ?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ዘንድሮ ደረጃ ቀርቷል። ዋናው አማካዩ ነው፤ ሃምሳ ሁለት አምጥተው አልፈዋል እኮ!" አልኳቸው።

"እሱንስ አየሁት፣ ተመስገን። ደረጃዬን ግን ይስጡኝ።" ድምፃቸው ከፍ አለ። "እኛ ጋ ካርቶኑ ሁሉ ይመዘናል። እኔን ግን ከዚህ ክፍል በቀር መዝኖኝ የሚያውቅ የለም። የለፋሁበትን ለምን ይደብቁኛል?"

አፈርኩ።

"ሃያ ዘጠነኛ ነዎት፣ ጋሽ ኦላና።"

"ከስንት?"

"ከሃያ ዘጠኝ።"

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"አስራ ሁለት አሻሻልኩ!"

"እነሱ እኮ አቋርጠው ነው" አልኩ። ምን እንዳስለፈለፈኝ እንጃ።

"እኔስ ማቋረጥ አቅቶኝ ነው? ዶፍ የወረደ ዕለት፣ ወገቤ የተያዘ ዕለት፣ መቅረት እችል ነበር። ከእኔ የሚበልጡት ሄዱ፤ እኔ አለሁ። ደረጃዬ ነው፤ ይጻፉልኝ።"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ "29 ከ29" ብዬ ጻፍኩ። አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ ለሁሉም እንደምጽፈው "በርታ" ብዬ ነበር። እሱን ሰርዤ፣ የስም መቆጣጠሪያውን አይቼ "ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አልቀሩም" ብዬ ተካሁት። አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ እንደዚያ ዕለት በተማሪ ኮርቼ አላውቅም።

ብሩክታይት ሦስተኛ ወጣች፤ አምስት ደረጃ ማሻሻሏ ነው። የአባቷን ካርድ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀለችው ራሷ ናት አሉ።

መስከረም ላይ የስምንተኛ ክፍል ምዝገባ ሲጀመር ቢሮውን ከፍቼ ሳልቀመጥ ያ ሰደርያ በር ላይ ቆሟል። መዝገቡን ገለጥኩና ስማቸውን ከተራ ቁጥር አንድ ላይ ጻፍኩ።

"ቲቸር፣" አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ፣ "ዛሬስ አንደኛ ነኝ።"