አንድ ፕሮፌሰር፣ ሁለት ማመልከቻ

ሰው ሁሉ «የነቀዟ ዶክተር» ይላታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዋ ነው። ባቄላ ጎተራ ገብቶ ሲከርም ውስጡን ቦርቡሮ ዱቄት የሚያደርገውን ያን ትንሽ ተባይ ታጠናለች። በዩኒቨርሲቲው ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ መስኮት የሌላት ሞቃት ክፍል አለቻት፤ ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሙሉ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ሙሉ ነቀዝ። ከእነዚያ ጠርሙሶች አንዱ ግን ይለያል። እሱ ውስጥ ያለውን ባቄላ ነቀዝ አይደፍረውም። ዶክትሬቷን ከያዘች ወዲህ ስታዳቅል፣ ስትጥል፣ እንደገና ስታዳቅል ኖራ ያገኘችው ዘር ነው።

እናቷ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለ ተባዮቹ ነው።

«ነቀዞቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው እማዬ፣ እየበሉ ነው።»

«አንቺስ በላሽ?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ወሬ ትቀይራለች። እናትየዋ ደግሞ ይህችን ዘዴ አሳምራ ታውቃታለች። «እነሱን ስትቀልቢ አንቺ ልታልቂ ነው እኮ! ኧረ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይሄ፣ የማያልቅ?»

አልተሳሳተችም። ልጇ ዶክተር ከተባለች ቆይታለች፤ ቋሚ ሥራ ግን የላትም። ፖስትዶክ ማለት ይኸው ነው፤ ተምሮ የጨረሰ፣ ወግ ያለው ሥራ ያልጀመረ፣ መሃል ላይ የተንጠለጠለ ሰው። ደመወዟም ክፍሏም የሚኖሩት ምርምሯን የሚደግፍ ድርጅት ሲገኝ ነው፤ ድርጅቱን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የራሷ ጣጣ ነው። ስንቱን ደጅ ጠንታለች! አንዱ ጊዜው አልፎብሻል ይላታል፣ አንዱ ዘንድሮ ባቄላ አናይም ይላል፣ ሌላው «ሐሳብሽ እጅግ ግሩም ነው፤ ነገር ግን» ብሎ ይጀምራል። ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ማንበብ ከተወች ሰነበተች።

አሁን የቀራት አንድ በር ነው። ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ሞቃቷን ክፍል ለሌላ ሰው ሊሰጧት ተስማምተዋል። ይህ ድጋፍ ካልተገኘ ጠርሙሶቹ ተለቅመው ወደ ማቃጠያ ይሄዳሉ፣ ያ ባቄላም አብሮ። ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ከፊት ለፊቷ ያለው ጠረጴዛ የጓደኛዋ ነው። እሱም ፖስትዶክ ነው፤ የአፈር ሻጋታ ስለሚያጠና «ዶክተር አፈር» ይሉታል፣ እሱም ይስቃል። ለዚሁ ድጋፍ እሱም ይጽፋል። ረቂቋን ቁጭ ብሎ ያነበበላት፣ «ይሄ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ያሳጥራል፣ በይ ቁረጪው» እያለ ያረመላት እሱ ነው። የሱንም እሷ አርማለች። የት ደረስክ ስትለው ግን መልሱ አንድ ነው፤ «የበጀቱን ወረቀት ከገንዘብ ክፍል እየጠበቅኩ ነው።» ዛሬ ከሰዓት ፈታኝ ሆኖ ተመድቦ ታች አዳራሽ ወርዷል።

ለሁለቱም የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈርሙት አለቃቸው «ፕሮፌሰር እሺ» ይባላሉ። የጠየቋቸውን ሁሉ እሺ ይላሉ፤ እምቢ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለም። ታዲያ እሺ ያሉትን መፈጸም ሌላ ነገር ነው። ደብዳቤዋን ስትለምን፣ ስታስታውስ፣ እንደገና ስትለምን ከርማ፣ የተፈረመው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። እየሮጠች ኮምፒዩተሯ ላይ አስገባችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የቀረው የፕሮፌሰሩን ስም መሙላት ብቻ ነበር። ሞላችና «ላክ» የሚለውን ተጫነች።

ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። «በዚህ ፕሮፌሰር ስር ሌላ ማመልከቻ ተከፍቷል። ከአንድ ፕሮፌሰር ከአንድ በላይ አንቀበልም።»

የተሳሳተች መስሏት ስሙን አጥፍታ እንደገና ሞላችው። ያው ቀይ ነው። ልቧ ዱብ አለ። ተነስታ የፕሮፌሰሩን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ፕሮፌሰር፣ የሚቀበሉት አንድ ሰው ብቻ ነው እኮ! ለሁለታችን ፈርመውልናል!»

«እሺ፣ አዎ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «እሱ አልነገረሽም እንዴ? ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነገረኝ። ተነጋገሩ አልኩት፤ እኔ እነግራታለሁ አለኝ።»

«ያውቅ ነበር?»

«እሺ፣ እንግዲህ...»

«በቃ፣ አሁን አንዳችንን ይምረጡ!»

«እኔ ማን ነኝና ልጆቼን ላበላልጥ? ኧረ በማርያም፣ ተነጋገሩ» አሉ፣ ግንባራቸውን እያሻሹ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ሳምንት ሙሉ! ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ የማይላክ ማመልከቻዋን ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እያረመላት! በጀት እየጠበቅኩ ነው የሚለውስ? ወረቀቱ እስኪደርስለት ቦታውን ይዞ እሷን ዝም ሊያሰኛት ነው። እናቷ «ሰው አታምኚ፣ ሞኝ ነሽ» የምትላት ትዝ አላትና ብሽቅ አለች። አዳራሹ በር ላይ ደርሳ መስታወቱን አንኳኳች።

በመስታወቱ ሲያያት ወጣ፤ አንድ እግሩን ግን ውስጥ ተወው፤ ተማሪዎቹን ብቻቸውን መተው አይችልም።

«ሲስተሙ ዘጋብኝ» አለችው። «ያንተ ተከፍቷል ይላል።»

«አልላክሁትም እኮ!»

«መክፈትህ ብቻ ይበቃዋል! አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አውቅ ነበር። መክፈቱ እንደሚዘጋብሽ ግን አላወቅኩም፣ ሙች!»

ያን ጊዜ በጥፊ ብታጮለው ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሱ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ነው።

«ስሚኝ። የኔን ማጥፋት አለብኝ። ለማጥፋት ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልኬ ይልካሉ፤ ስልኬ ለፈታኝ ስለማይፈቀድ ታች ፈተና ቢሮ ተቆልፎበታል። እኔ ልሂድ፣ አንቺ ግቢና ቁሚልኝ።»

«የኔንስ ማን ይልክልኛል?»

«እኔ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሳምንት ሙሉ የደበቃት ሰው ነው። ኮምፒዩተሯ ላይ ከተቀመጠ የሷን መላክም፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሰዓቱን ማሳለፍም በእጁ ነው። ከሱ ሌላ የሚልክላት ደግሞ የለም። «ኮምፒዩተሬ ክፍት ነው» አለችው። «የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው።» ነገሯን ሳትጨርስ ኮሪደሩን ተያያዘው።

ገብታ ቆመች። ተማሪዎቹ ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ። አንዱ አንገቱን እንደ ዳክዬ ወደ ጎረቤቱ ያስረዝማል፤ ሌላ ቀን ብትሆን ወረቀቱን ትነጥቀው ነበር፣ ዛሬ አጠገቡ ሄዳ ቆመችና ሰዓቱን አየች። ልጁ በፍርሃት ወረቀቱን አቅፎ ቀረ። አንዲት ልጅ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀች፤ ሰጠቻት። ስልኩን አግኝቶት ይሆን? ቁልፉን የያዘው ሰው ቦታው ላይ ይኖራል? ነው ወይስ አሁን ወንበሯ ላይ ተቀምጦ እያሰበ ነው? ማመን አልቻለችም፣ ማመን ትታ ደግሞ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። አልመጣም። ረጅሙ የሰዓት ዘንግ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ አልመጣም። በቃ፣ አለች በልቧ፣ አለቀልኝ።

በሩ ተከፈተ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። አጠገቧ መጥቶ ቀስ ብሎ «ገባ» አላት።

«የማን?»

ቃሉ ካፏ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማችው። እሱም ሰማው። ትንሽ ጊዜ አተኩሮ አያትና፣ «ያንቺ ነዋ» አለ።

ፈተናው ሲያልቅ ወረቀቱን እኩል ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ግን ንዴቱም ገና አልወጣላትም።

«ከተውከው ለምን ቀደም ብለህ አላጠፋኸውም?» አለችው።

«መተዉንስ አንድ ሰው ብቻ እንደሚቀበሉ ባወቅኩ ቀን ትቼዋለሁ። በጀቱን ለገንዘብ ክፍል አላስገባሁም፤ እየጠበቅኩ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ያለ በጀት ብፈልግም አይላክልኝም ነበር። ማጥፋቱ ግን...» ቆመና የያዘውን ወረቀት ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። «ቤት ስገባ ከፍቼ አነበዋለሁ። አጥፋ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል። ነገ አጠፋዋለሁ እያልኩ ዛሬ ደረስን። ልገድልሽ ነበር።»

«እኔ ነኝ እንድትተውልኝ የጠየቅኩህ?»

«ያንቺ ውል ሊያልቅ ነው፤ የኔ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ምን ጥያቄ አለው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አንቺም ልተውልህ ትያለሽ። እኔ ልተው፣ አንቺ ተዪ ስንባባል ሁለታችንም ልንቀር ነው።»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ምላሷ ላይ መጥቶላታል፤ እሱም ሌላ አልጠበቀም። ግን ያ የባቄላው ጠርሙስ ዓይኗ ላይ ሄደባት፤ ቀይ ጽሑፉን ስታይ የመጣባትን ስሜትም አስታወሰች። የዛሬን ያህል የዋለላትን ሰው መዋሸት አቃታት።

«አልተውልህም ነበር» አለችው።

ደረጃው ላይ ቀጥ አለ። እሷ ፊቱን ማየት ፈራች። ቆይቶ ግን ወረቀቱን አስተካክሎ ታቀፈና በትከሻው በሩን ገፍቶ ከፈተላት።

«እንኳን አልነገርኩሽ» አላት።